አናታችንን ለማን እንሰጣለን? ወደ ሄድ ስፓ ከመሄድ በፊት

አንድ ቃል ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሲሻገር ሳናስተውለው ሥልጣን ሊጨምር ይችላል። «ትሪትመንት» በእንግሊዝኛ ሐኪም ለበሽታ የሚሰጠውንም፣ ፀጉር ሠሪ ለፀጉር የምትቀባውንም ያቅፋል። በአማርኛ ግን ሁለቱ ተለያይተው ኖረዋል፤ አንዱ ሕክምና፣ ሌላው እንክብካቤ ነው። ዛሬ በዋሽንግተን ዙሪያ አንዳንዶቻችን «የራስ ቆዳ ሕክምና» እያልን የምንጠራው የሄድ ስፓ አገልግሎት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለው ስንጥቅ ውስጥ የገባ ይመስለኛል። የምጽፈው አገልግሎቱን ለማጣጣል ሳይሆን ስንጥቁ የት እንዳለ ለማመልከት ነው።

ሄድ ስፓ ከጃፓን የመጣ ልማድ ሲሆን፣ በአሜሪካ ከተሞች የተስፋፋው በአብዛኛው በአጫጭር የስልክ ቪዲዮዎች አማካይነት ነው። ሥርዓቱ ከቤት ቤት ቢለያይም አካሄዱ ተመሳሳይ ነው። በመጀመሪያ በትንሽ ካሜራ የራስ ቆዳ እየጎላ በስክሪን ላይ ይታያል። ከዚያም ደንበኛዋ በጀርባዋ ትተኛለች፤ የሞተ ቆዳ የሚፍቅ ቅባት ይደረግላታል፤ እንፋሎት ይለቀቅላታል፤ ከግማሽ ክብ ቧንቧ ለብ ያለ ውሃ በግንባሯና በአናቷ ላይ ይወርዳል፤ ራሷ፣ አንገቷና ትከሻዋ ይታሻሉ። አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ ዋጋው ብዙውን ጊዜ ጉርሻ ሳይጨምር ከ100 ዶላር ያልፋል።

የምኖረው ግሪንቤልት ነው። ይህች ከተማ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን የፌዴራል መንግሥት ራሱ አቅዶ የሠራት ስትሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች የገቡባት እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበር መንፈስ ዛሬም አልለቀቃትም። በአንድ ቅዳሜ እኔም በአካባቢው አገልግሎቱን ሞከርሁት። ደስ ይላል። ከሳምንት ሥራ በኋላ ስልክ በሌለበት ክፍል ውስጥ ሰው በትዕግሥት ራስህን ሲያሽህ እንቅልፍ ይወስድሃል። ሁለት ሥራ ለሚሠራ፣ ቤተሰቡን ለሚረዳ፣ ሌሊት ወደ አዲስ አበባ ለሚደውል ስደተኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ደግሞም ለእኛ አዲስ አይደለም። ለጋ ቅቤ አናት ላይ አድርጎ ጨርቅ ሸብ ማድረግ፣ በእናት ጉልበት መካከል ተቀምጦ ሹሩባ መሠራት፣ በሚዶ እየተከፋፈለ የራስ ቆዳ መታየት የልጅነታችን ሥርዓት ነበር። ያ ሥርዓት ግን ስለ ራሱ ሕክምና ነኝ አላለም፤ እናት ቁስል ካየች ወደ ጤና ጣቢያ ትወስዳለች እንጂ «ስድስት ጊዜ ብትመጪ ይድናል» አትልም።

ሳይንሱ ምን ይላል? እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ የጃፓን ጥናት በብዛት ይጠቀሳል። 9 ጤነኛ ወንዶች ለ24 ሳምንታት በየቀኑ ለ4 ደቂቃ ራሳቸውን በመሣሪያ ታሽተው የአንድ ፀጉር ውፍረት በአማካይ ከ0.085 ወደ 0.092 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሏል። ውጤቱ አስደሳች ቢሆንም ዘጠኝ ሰዎች ዘጠኝ ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም ወንዶች፣ ሁሉም ጤነኞች ነበሩ፤ መታሸቱም በየቀኑ እንጂ በወር አንድ ጊዜ አልነበረም። ከዚህ ተነሥቶ የሚረግፍ ፀጉርን እመልሳለሁ ማለት ከማስረጃው በላይ መሄድ ነው።

የአክስቴ ልጅ የደረሰባት ነገር ይህን ጉዳይ ከቅንጦት አውጥቶ ቁም ነገር አደረገብኝ። መሐል አናቷ እየሳሳ ሄደ፤ ሲነካ ያማታል፤ ያሳክካታል። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ቤት ካሜራውን አናቷ ላይ አድርጎ «የፀጉርሽ መብቀያ ቀዳዳዎች ተደፍነዋል» አላትና የስድስት ጊዜ ጥቅል ሸጠላት። ወራት አለፉ። በመጨረሻ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ቀርባ ትንሽ የቆዳ ናሙና ሲመረመር፣ ጠባሳ የሚተው የፀጉር መርገፍ መሆኑ ታወቀ። ጠባሳ የያዘው ሥፍራ ፀጉር መልሶ አያበቅልም፤ መድኃኒቱ የቀረውን ለማዳን ነው። «እቴ፣ ካሜራው እኮ ሁሉን አሳይቷል» አለችኝ፤ «የሚያነበው ሰው ነው ያልነበረው።»

ይህ ሕመም ሴንትራል ሴንትሪፉጋል ሲካትሪሻል አሎፔሺያ ይባላል። ከመሐል አናት ጀምሮ ወደ ዳር ይሰፋል፤ በብዛት የሚያጠቃውም ጥቁር ሴቶችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ፒኤዲአይ3 በተባለው ጂን ላይ ያለ ለውጥ ከአንዳንዶቹ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። ሌላው ለእኛ ቅርብ የሆነው ትራክሽን አሎፔሺያ ነው፤ ተጠብቆ ከሚሠራ ሹሩባ፣ ከሚሰፋ ሂውማን ሄርና ከሚጎተት አሠራር የሚመጣ፣ ቶሎ ከተተወ የሚመለስ፣ ከቆየ ግን ጠባሳ የሚሆን። ቆርቆር ደግሞ ፈንገስ ነው፤ በማበጠሪያ ይተላለፋል፣ የሚድነውም በአፍ በሚወሰድ መድኃኒት እንጂ በእጥበት አይደለም። ፎረፎርን በተመለከተ፣ ከእርሱ ጋር የተያያዘው ማላሴዚያ የተባለው እርሾ የሚመገበው ቅባት በመሆኑ፣ በፎረፎር ላይ ቅቤም ሆነ ውድ ዘይት መጨመር ሊያባብሰው ይችላል። አራቱም በስክሪን ላይ ላልሠለጠነ ዓይን «የተደፈነ ቀዳዳ» ሊመስሉ ይችላሉ።

ታዲያ ሕጉ የት አለ? እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣው የፌዴራል ሕግ ማጽጃና ማስዋቢያ የሆነውን «ኮስሜቲክ»፣ በሽታን ለማዳን የታሰበውን «መድኃኒት» ብሎ ይለያል፤ ልዩነቱን በአብዛኛው የሚወስነውም ሻጩ የሚናገረው ቃል ነው። በታኅሣሥ 2022 የጸደቀው ማሻሻያ የአምራቾችን ግዴታ ቢያጠብቅም ትኩረቱ ምርቱ እንጂ በአልጋው ዳር የሚነገረው ቃል አይደለም። በሜሪላንድ የኮስሞቶሎጂ ፈቃድ 1,500 የሥልጠና ሰዓት ይጠይቃል፤ ቦርዱም በሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሥር ነው። የማሳጅ ባለሙያዎች ቦርድ ግን በጤና መሥሪያ ቤት ሥር ይገኛል። በቨርጂኒያ ማሳጅን የሚቆጣጠረው የነርሶች ቦርድ ነው። ሄድ ስፓ እጥበትም ማሳጅም በመሆኑ በሁለት ደጆች መካከል ይቆማል፤ «ምርመራ» የሚመስለውን የካሜራ ንባብ ደግሞ ከሁለቱ አንዱም እንደ ዋና ሥራው አይመለከተውም።

መፍትሔው ተጨማሪ ፈቃድ ነው ለማለት እቸኩል ነበር፤ ታሪኩ ግን ያስጠነቅቃል። በዋሽንግተን እስከ 1992 ሹሩባ ለመሥራት ከሥራው ጋር የማይገናኝ የኮስሞቶሎጂ ሥልጠና፣ በቨርጂኒያ ደግሞ እስከ 2012 ድረስ ፈቃድ ይጠየቅ ነበር። በእጅ ሙያቸው የሚያድሩ እኅቶቻችንን ከገበያ የሚያስወጣ አጥር እንደገና ማቆም ጥበብ አይሆንም።

የተሻለው መንገድ ከፀጉር ቤት ጋር መሥራት ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ የሎስ አንጀለስ ጥናት ፋርማሲስቶች ወደ 52 ፀጉር ቤቶች ሄደው የደም ግፊት ያለባቸውን ጥቁር ወንዶች ተከታተሉ። በስድስት ወር ውስጥ የላይኛው የግፊት ቁጥር በአማካይ በ27 ነጥብ ወረደ፤ ፋርማሲስት ባልነበረበት ቡድን ግን የወረደው በ9 ያህል ብቻ ነበር። ፀጉር ቆራጩ ሐኪም አልሆነም፤ የታመነ በር ሆነ። በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ያሉ የእኛ ፀጉር ሠሪዎች ከማንኛውም ሐኪም ይበልጥ የእናቶቻችንንና የእኅቶቻችንን አናት ያያሉ። የማኅበረሰቡ የሕክምና ባለሙያዎች በአንድ ከሰዓት በኋላ አራቱን ሕመሞች በፎቶግራፍ ቢያሳዩአቸውና የሚልኩበትን አድራሻ ቢሰጧቸው ወጪው ትንሽ ነው።

እስከዚያው ግን ለሚሄድ ሰው የምለው ይህ ነው። የሚሠራልህ ሰው ፈቃድ ምን እንደሆነ ጠይቅ፤ በክፍለ ግዛቱ ድረ ገጽ ላይ ማረጋገጥ ይቻላል። ማበጠሪያው፣ ብሩሹና የካሜራው ጫፍ ከደንበኛ ወደ ደንበኛ በምን እንደሚጸዱ ጠይቅ። ሹሩባ ካለ አስቀድሞ መፈታት ይኖርበታል፤ ፀጉር ማለስለሻ ኬሚካል በቅርቡ ከተቀባህ ወይም ቁስል ካለብህ የሚፍቀውን ቅባት አትቀበል። አንገት በሳህን ጠርዝ ላይ ወደ ኋላ ተቆልምሞ እንዳይቆይ አድርግ፤ እጅግ አልፎ አልፎ ቢሆንም በዚህ ምክንያት የደረሰ የስትሮክ ሕመም በ1993 በሕክምና መጽሔት ተዘግቧል። በመጀመሪያው ቀን ጥቅል አትግዛ። ከሁሉም በላይ፣ ፀጉር እየረገፈ፣ ቆዳው እያመመ ወይም እያበጠ ከሆነ ቅድሚያ የቆዳ ሐኪም ይየው፤ ቀጠሮው ቢርቅም ዛሬ ይያዝ። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል።

ዕረፍት ለመግዛት የሚወጣ 100 ዶላር ዕረፍት እስከሰጠ ድረስ አልባከነም። የሚባክነው ዕረፍትን ሕክምና ብለን ስንገዛ ነው፤ ያን ጊዜ የምንከፍለው በገንዘብ ብቻ አይደለም፣ ለመዳን በቀረልን ጊዜም ጭምር ነው።