«ባለቤቴ ታመሙ» ስለ ማለት

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባሉት በምዕራባዊው የደቡብ ወሎ ደጋዎች፣ በቀድሞው ወግ ያደገች ባለ ትዳር የባሏን ስም ደፍራ አትጠራም። «የሰይድ አባት»፣ «የዘውዱ አባት» ትላለች እንጂ። ልጅ ገና ካልተወለደም «እሳቸው» ማለት ብቻውን ይበቃል፤ ሰሚው «ማን ናቸው?» ብሎ አይጠይቅም።

ይህን አነጋገር ወደ እንግሊዝኛ ሊመልስ የሚነሣ ተማሪ ገና ከደጃፉ ይሰናከላል። «እሳቸው መጡ» ሲባል ግሡ እንደ ብዙ ስለሚረባ «ዘይ» ብሎ ይጽፋል፤ መምህሩም፣ ባል አንድ ነውና፣ «ሂ» በል ብሎ ያርመዋል። እርማቱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን እረኛውም ዳኛውም «ሂ» ናቸውና የሴትዮዋ አክብሮት በመንገድ ይቀራል።

በዚህ ብቻ እንግሊዝኛን ድኻ ነው ብለን እንዳንፈርድበት፣ የእኛም ቋንቋ የሚሰውረው ነገር አለ። አንድ የመሥሪያ ቤት ጸሓፊ «ባለቤቴ ስለ ታመሙ ፈቃድ ይሰጠኝ» የሚል ማመልከቻ ይተረጕም ዘንድ ታዘዘ እንበል። «ባለቤት» ባልም ሚስትም ነው፤ «ታመሙ» የሚለውም ግሥ ወንድና ሴት አይለይም። እንግሊዝኛ ግን «ሐዝባንድ» ወይም «ዋይፍ» እንድንለው ይፈልጋል። በእርግጥ ሁለቱን የሚያጠቃልል «ስፓውዝ» የሚል ቃል አለው፤ ይህ ግን የሕግና የቅጽ ቃል ስለ ሆነ ከማጀት አይገባም።

ጸሓፊው ግን ብዙ አይቸገርም፤ ሚስጥሩን አክብሮቱ ራሱ ይገልጥለታል። በልማዳችን ሚስት ስለ ባሏ «ታመሙ» ስትል ባል ስለ ሚስቱ «ታመመች» ይላልና። ፆታ የማይለየው አንቱታ ከአንድ ወገን ብቻ ስለሚሰጥ ፆታን ለየ ማለት ነው። እኛን የሚያሳዝነን ይህ ነው።

በቃላቱ ሥርም ቢሆን ቤቱ ለወንዱ ተሰጥቷል። «ባል» ከግእዙ «ባዕል» ጋር የሚዛመድ ሆኖ ጌታ፣ ባለ ሀብት ማለት ነው። «ሐዝባንድ» ከጥንቱ የስካንዲናቪያ ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ የቤት ባለ ይዞታ የሚለውን ትርጓሜ ይዞ ነው። ኦሮምኛው «አባ ወራ» ይለዋል፤ አማርኛም ቃሉን ወርሶት ዛሬ በየቀበሌው መዝገብ ይገኛል። ትግርኛ «በዓል ቤት»ና «በዓልቲ ቤት» ብሎ ወንዱንና ሴቲቱን ይለያል። ሳይለይ ለሁለቱም ቤቱን የሰጠው የእኛው «ባለቤት» ነው፤ ሰዋስዋችንም የዐረፍተ ነገሩን አድራጊ በዚሁ ስም ይጠራዋል።

ሕጉም ወደዚህ ቃል ለመድረስ ጊዜ ወስዶበታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰቡ አለቃ አድርጎት ነበር። በ1992 ዓ.ም. የፌዴራሉ፣ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የአማራ ክልል የቤተ ሰብ ሕግ ባልና ሚስትን በእኩል መብት አቆሙ። ግሡ ግን ዐዋጁን አልተከተለም። ዛሬ ብዙዎቹ ወጣት ሚስቶች ባላቸውን በስሙ ጠርተው «ታመመ» ይላሉ፤ ስለዚህ እኩልነቱ የመጣው ከእርሱ ላይ አክብሮትን በመቀነስ ነው። ለእርሷም ቢጨመርላት እንወድ ነበር። ባል «ባለቤቴ ታመሙ» ብሎ ማመልከቻ የጻፈ ዕለት፣ ያ ጸሓፊ ከመተርጐሙ በፊት ከፊርማው ሥር ያለውን ስም ማየት ግድ ይሆንበታል።