ስለ ናፍጣ መብራታችን



ቀድሞ ወደ ደሴታችን የሚሻገር ባለስለት ጧፍ፣ ዕጣንና ዘቢብ ይዞ ይመጣ ነበር። ዛሬ በጀልባው ላይ የናፍጣ ጀሪካን ማየት ለምደናል። ያመጣውን ልብ እናከብራለን፤ ነገር ግን ስለ ስጦታው ጥቂት መናገር ይገባናል።

ትንሿ ሞተራችን የገባችው ውኃ ከሐይቁ ለመሳብና ዓይናቸው ለደከመ አበው ብርሃን ለመስጠት ነው። ጥቅሟን አንክድም። በማኅሌት ሌሊት ግን ድምፅዋ ዜማውን ይጋፋል፤ ጢሷም ብራናዎቹ ወዳሉበት ዕቃ ቤት ይዘልቃል።

በቅርቡ አንድ ምእመን ከዚህች የሚበልጥ ሞተር ሊገዙልን ፈቀዱ። ገንዘቡ ከጅዳ ወደ መካ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በባሕራ ብዙ ዓመት በሹፍርና ያፈሩት የላባቸው ዋጋ ነው። «በዚያ አገር ሌሊቱ እንደ ቀን ነው» አሉን። እውነት ነው፤ ያ ብርሃን ግን በአብዛኛው የሚገኘው ዘይትና ጋዝ በማቃጠል ነው። ከጅዳ በስተ ደቡብ፣ በቀይ ባሕር ዳር በሹዐይባ የቆመው ጣቢያ ብቻውን ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ በዘይት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። እነርሱ ዘይቱን ከገዛ ምድራቸው ይቀዳሉ። የእኛ ናፍጣ ግን ከባሕር ማዶ ተገዝቶ፣ በጅቡቲ በኩል በቦቴ ተጉዞ፣ በመጨረሻ በጀልባ ይሻገራል።

የጢሱንም ልክ እንቍጠር። አንድ ሊትር ናፍጣ ክብደቱ አንድ ኪሎ አይሞላም፤ ሲቃጠል ግን ካርቦኑ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ስለሚዋሐድ 2.7 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። አንድ ሞተር በሰዓት 3 ሊትር እየጠጣ በየሌሊቱ 4 ሰዓት ቢሠራ፣ በዓመት 4,380 ሊትር ያነዳል፤ ጋዙም ወደ 12 ቶን ይጠጋል። ከሹዐይባ ጋር ሲተያይ ከባሕር እንደ ጭልፋ ነው። ዓለምን ያሞቃት ግን የትልቁም የትንሹም ጢስ ተደምሮ ነው። አባቶቻችን ደኑን በግዝት ጠብቀው አቈዩን፤ ዛፉን እየጠበቅን አየሩን ብናቈሽሽ ጥበቃችን ጐደሎ ነው።

ይልቁንም የጣና ልጆች መሆናችን ነገሩን ያከብደዋል። ዐባይ ከሐይቃችን ወጥቶ በጢስ ዐባይ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ኃይል ሰጥቷል፤ የጣና በለስ ጣቢያም እ.ኤ.አ. በ2010 ተከትሏል። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ተሠርቷል። መስመሩ ግን ወደ ደሴታችን አልተሻገረም፤ በውኃ መካከል ተቀምጠን ናፍጣ እናነዳለን።

ስለዚህ ማኅበሩ መክሮ ለምእመኑ እንዲህ መለሰ፦ ሞተሩ ይቅር፤ በዋጋው ሶላርና ባትሪ ይገዛ፤ የውኃው መሳቢያም በፀሐይ የሚሠራ ይሁን። አሮጌዋ ሞተር ለክረምቱ ደመና ትቀመጥ። ምእመኑ ጥቂት ዝም ብለው፣ «ሞተር ሲጮህ ስጦታዬ ይሰማ ነበር፤ ሶላሩን ማን ያውቀዋል?» አሉ። እኛም «ለገዳም የሚሰጥ ስጦታ ዝም ሲል ያምርበታል» አልናቸው። ፈገግ ብለው እሺ አሉን።

ተሳላሚዎች ሆይ፣ ጧፉና ዕጣኑ እንደ ቀድሞው ይምጣ። ናፍጣ የተሳላችሁ ግን ከመግዛታችሁ በፊት መጋቢውን አነጋግሩ፤ ስለታችሁ ለሶላሩ ባትሪ ይውላል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።