ሠላሳውን ቀን ማን ወሰነ?

ሥራ ሁለት ድርሻ አለው፤ አንዱ የእጅ ነው፥ ሁለተኛው የልብ ነው። ሸማኔ ድሩን ሲያደራ፥ ቁም ጸሐፊ ብራናውን ሲያሰምር፥ የመዝገብ ቤት ሠራተኛም ዶሴውን ሲያገላብጥ ለተመልካች የሚታየው የእጁ ድርሻ ብቻ ነው። አዲስ መኪና መጥቶ ይህን የእጅ ድርሻ በወሰደ ቍጥር ሰዎች «እንግዲህ ለእኛ ምን ተረፈን?» እያሉ ይጨነቃሉ። ጭንቀቱ ተገቢ ነው። ዳሩ ግን ከዚህ የሚከብድ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም እጅ ሥራውን ለመኪና በተወ ጊዜ ልብም ዐብሮ ይተወዋልን? የሚለው ነው። ስለዚህ ጉዳይ ጥቂት ቃል እንድጽፍ ያነሣሣኝ በአንድ የሶፍትዌር አማካሪ ድርጅት ውስጥ ያየሁት ነገር ነው።

እኔ በመንግሥት መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት የማገለግል ሠራተኛ ነኝ። ትምህርቴ ከ12ኛ ክፍል ያለፈ አይደለም፤ የኮምፒዩተር ዕውቀቴም ደብዳቤ ከመጻፍና ሠንጠረዥ ከመሙላት አይበልጥም። ይሁን እንጂ መሥሪያ ቤታችን የዶሴዎችን ጕዞ የሚከታተል ሶፍትዌር ለማሠራት ከአንድ ድርጅት ጋር በተዋዋለ ጊዜ፥ የመዝገብ ቤቱን አሠራር የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል ተብሎ አራት ወር ያህል በሳምንት ሦስት ቀን ከድርጅቱ ቢሮ እየዋልሁ እንድሠራ ታዘዝሁ።

በዚያ ያገኘሁት የሥራ ልማድ ከእኛው የራቀ ነው። እኛ ዘንድ አለቃ ሲገባ ብድግ እንላለን፤ በደብዳቤም «ክቡር» እንባባላለን። እነርሱ ግን ከዋናዋ መሐንዲስ ጀምሮ እስከ አዲሱ ተቀጣሪ ድረስ በስም ይጠራራሉ፥ «አንተ» «አንቺ» ይባባላሉ። በየጠዋቱ ሁሉም ቆመው ትናንት የሠሩትን፥ ዛሬ የሚሠሩትንና ያሰናከላቸውን ነገር ለጥቂት ደቂቃ ይነጋገራሉ። ማታ ደግሞ እያንዳንዱ የሠራበትን ሰዓት በሠንጠረዥ ላይ ይሞላል። አማካሪ ድርጅት በመደብር የሚደረድረው ዕቃ የለውም፤ ለደንበኛው የሚቈጥርለት የሠራተኞቹን ሰዓት ነው። ስለዚህ የሰዓቱ ሠንጠረዥ ለእነርሱ እንደ ነጋዴ ሚዛን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አዲሱ መሣሪያ የገባው በዚህ ልማድ መካከል ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ጊትሀብ ኮፓይለት የተባለው መሣሪያ ለሙከራ ወጣ፤ በ2022 መጨረሻ ቻትጂፒቲ ተከተለ። ከዚያ ወዲህ የመጡት ደግሞ አንድን ሙሉ የፕሮግራም ሥራ አንብበው፥ ኮዱን ጽፈው፥ ሞክረውና አርመው የሚያቀርቡ ሆነዋል። አሠራራቸው በአጭሩ ሲነገር፥ ከዚህ በፊት በተጻፉ እጅግ ብዙ ጽሑፎችና ኮዶች ሠልጥነው፥ ቀጥሎ ሊመጣ የሚገባውን ቃል እየገመቱ ይጽፋሉ። በ2025 አንድሬይ ካርፓቲ የተባለው ዕውቅ የኮምፒዩተር ሊቅ፥ ሰው ኮዱን ሳይመለከት ለመሣሪያው በቃል እየነገረ ብቻ ፕሮግራም የሚሠራበትን ልማድ «ቫይብ ኮዲንግ» ብሎ ሰየመው፤ ስሙም ወዲያው በዓለም ተሰማ።

ከእኔ አጠገብ የተመደበው ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ዓመት ያልሞላው ትሑትና ቀልጣፋ ወጣት ነበር። እኔ የገቢና የወጪ ደብዳቤ እንዴት እንደሚመዘገብ፥ ዶሴ ከክፍል ወደ ክፍል በማን ፊርማ እንደሚተላለፍ እነግረዋለሁ፤ እርሱ የነገርሁትን በእንግሊዝኛ ለመሣሪያው ይጽፋል። የቀረበልን ቡና ሳይበርድ ገጹ በኮድ ይሞላል። ቀድሞ ዐሥር ቀን ይፈጅ ነበር የተባለው ሥራ በሁለት ቀን ሲያልቅ በዐይኔ አየሁ፤ እጅግም ተደነቅሁ።

የኮምፒዩተርን ታሪክ የሚያውቁ እንዲህ ያለው ለውጥ የመጀመሪያው አይደለም ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። አሜሪካዊቷ ግሬስ ሆፐር በ1952 የሰውን ትእዛዝ ወደ መኪናው ቋንቋ የሚመልስ ፕሮግራም ሠራች። በ1957 ፎርትራን የተባለው ቋንቋ ወጥቶ የፕሮግራም ጸሐፊዎችን ድካም እጅግ አቀለለ፤ ነገር ግን ጸሐፊዎቹ ከዚያ ወዲህ በዙ እንጂ አልጠፉም። በአገራችንም ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛን ፊደል ከጽሕፈት መኪና ጋር ካስማሙ በኋላ የጸሐፊ ሥራ መልኩን ለወጠ እንጂ አልቀረም። ይሁን እንጂ በቀድሞዎቹ መሣሪያዎችና በዛሬው መካከል አንድ ታላቅ ልዩነት አለ። የጽሕፈት መኪና ያልተመታ ፊደል አይጽፍም፤ የሆፐርም ፕሮግራም የታዘዘውን ይመልሳል እንጂ ከራሱ አይጨምርም። የዛሬው መሣሪያ ግን ያልተነገረውን ይሞላል። ብርታቱም ይኸው ነው፤ አደጋውም ይኸው ነው።

ይህን የተረዳሁት በሁለተኛው ወር ነው። ሶፍትዌሩን ለመሞከር አንድ የዶሴ ምሳሌ አስገብተን ስናይ፥ ሠላሳ ቀን መልስ ያልመጣለት ዶሴ በራሱ ተዘግቶ ወደ ማከማቻ እንደሚሄድ ተገነዘብሁ።

«ሠላሳ ቀን ያለው ማነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ጋሼ፥ እርስዎ ነግረውኝ ይሆናል» አለኝ።

«እኔስ አልነገርሁህም።»

ማስታወሻውን ገለጠ፤ የለም። ውሉን አነበብን፤ የለም። በመጨረሻ መሣሪያውን ራሱን ጠየቀው። መሣሪያውም በተዋበ ቋንቋ፥ እንዲህ ባሉ ሥራዎች ሠላሳ ቀን የተለመደ መሆኑን ገልጾ፥ ከተፈለገ ቍጥሩን ሊለውጠው እንደሚችል በትሕትና መለሰ። እኔና ወጣቱ ተያየን። ሠላሳው ቀን በኮዱ ውስጥ እንደ ሕግ ተጽፎ ተቀምጧል፤ ወሳኙ ግን የለም።

አንባቢ ሆይ፥ «አንዲት ቍጥር ይህን ያህል ምን ታመጣለች?» ትል ይሆናል። በመዝገብ ቤታችን ከቀረቡት ዶሴዎች መካከል ባላቸው የሞተባቸው ሴቶች ለተተኪ ጡረታ ያመለከቱበት ይገኛል። ሟቹ ቀድሞ በወረዳ ያገለገለ እንደ ሆነ፥ የአገልግሎት ዘመኑን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ከዚያ እስኪመጣ ሁለት ወርም፥ ስድስት ወርም ይፈጃል። ስለዚህ በእኛ ልማድ እንዲህ ያለ ዶሴ «ይቈይ» ተብሎ ለብቻው ይቀመጣል፤ አይዘጋም። ይህ ደንብ በየትኛውም መመሪያ አልተጻፈም፤ ከቀደሙት የመዝገብ ቤት ሹሞች በቃል የወረስነው ነው። ሶፍትዌሩ እንደ ተጻፈ በሥራ ላይ ቢውል ኖሮ የእነዚያ ሴቶች ዶሴ ያለ ማንም ፊርማ፥ ያለ ማንም ክፋት፥ በዝምታ በተዘጋ ነበር። አቤት ቢሉም «ኮምፒዩተሩ ዘጋው» ከማለት በቀር መልስ የሚሰጣቸው ባልተገኘ።

እንዲህ ያለው ነገር በእኛ ብቻ የሚደርስ አይደለም። በአውስትራሊያ፥ የመንግሥት ድጎማ በሚቀበሉ ሥራ ፈላጊዎች ላይ በኮምፒዩተር አማካይነት የሚጣለውን ቅጣት መርምሮ እንዲያቀርብ ዴሎይት የተባለው ታላቅ አማካሪ ድርጅት 440 ሺህ ያህል የአውስትራሊያ ዶላር በሚያወጣ ውል ተሰይሞ ነበር። በ2025 የወጣው ዘገባ ግን ከቶ ያልተጻፉ ጥናቶችን የሚጠቅስና ዳኛ ያልተናገሩትን ቃል ለዳኛ የሚሰጥ ሆኖ ተገኘ። ድርጅቱ ዘገባውን አርሞ ሲያወጣ በሥራው ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጠቀሙን ገለጠ፤ የመጨረሻውንም ክፍያ ለመመለስ ተስማማ። ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳዝነው፥ ሰዎች በኮምፒዩተር ስለ መቀጣታቸው የሚመረምረው ዘገባ ራሱ ያልተመረመረ መሆኑ ነው።

ፒተር ናኡር የተባለው የዴንማርክ ሊቅ በ1985 ባወጣው ጽሑፍ፥ የፕሮግራም ዋናው ነገር የተጻፈው ኮድ ሳይሆን በሠሪዎቹ ልብ ያለው መረዳት ነው ሲል አስተምሯል። የሚያውቁት ሰዎች ከተበተኑ ኮዱ በሙሉ ቢገኝም ፕሮግራሙ እንደ ሞተ ይቈጠራል ይላል። እኔ ይህን ሳነብ የገዛ ራሴን መዝገብ ቤት አሰብሁ፤ ዶሴው ሁሉ በመደርደሪያው ላይ ሳለ፥ «ይቈይ» የተባለበትን ምክንያት የሚያውቅ ሰው ከሌለ መደርደሪያው የወረቀት ክምር ነው።

ስለ ፍጥነቱም ቢሆን ሰው ራሱን ሊያታልል ይችላል። ሚተር የተባለ የአሜሪካ የምርምር ድርጅት በ2025 ባወጣው ጥናት፥ 16 ልምድ ያላቸው ፕሮግራም ጸሐፊዎች በሚገባ በሚያውቁት ፕሮግራም ላይ 246 ሥራዎችን፥ አንዳንዱን በመሣሪያው፥ አንዳንዱን ያለ መሣሪያው እንዲሠሩ ተደረገ። ከሥራው በፊት መሣሪያው ጊዜያቸውን በ24 ከመቶ እንደሚያሳጥር ገምተው ነበር፤ ከሥራውም በኋላ በ20 ከመቶ እንዳሳጠረላቸው ተናገሩ። በተለካ ጊዜ ግን 19 ከመቶ ዘግይተው ተገኙ። መሣሪያዎቹ ከዚያ ወዲህ ተሻሽለዋልና ቍጥሩን ለዘወትር መያዝ አይገባም። ነገር ግን የፈጠነ መምሰልና መፍጠን ሁለት ነገሮች መሆናቸውን ያሳያል። አባቶችም «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት በከንቱ አይደለም።

የሠላሳው ቀን ነገር ከዋናዋ መሐንዲስ ዘንድ በደረሰ ጊዜ ስብሰባ ተጠራ፤ እኔም እንድቀመጥ ተፈቀደልኝ። አንዳንዶቹ «ሥራው በሁለት ቀን ካለቀ ለደንበኛው የዐሥር ቀን ሰዓት እንዴት እንቈጥራለን?» ሲሉ ጠየቁ፤ ሌሎቹ «የሁለት ቀን ብቻ ከቈጠርን በምን እንኖራለን?» አሉ። ወይዘሮዋ ሁሉንም ካዳመጡ በኋላ፥ «ደንበኛው ከእኛ የሚገዛው ጽሕፈታችንን ከሆነ መሣሪያው በርካሽ ይጽፍለታል። የሚገዛው ግን ኀላፊነታችንን ነው። የተረፈው ስምንት ቀን ለዕረፍት ሳይሆን ለመጠየቅ ይሁን» ሲሉ ተናገሩ። ከዚያም ሁለት ደንብ አቆሙ። መጀመሪያ፥ ማንም ሰው መሣሪያው የጻፈለትን ኮድ «ለምን እንዲህ ሆነ?» ተብሎ ቢጠየቅ ለባልደረባው ማስረዳት ካልቻለ ሥራው ተፈጸመ እንዳይባል፤ ሁለተኛ፥ አዲስ ተቀጣሪዎች በሳምንት አንድ ቀን ያለ መሣሪያው በገዛ እጃቸው እንዲሠሩ አዘዙ።

ይህ ሁለተኛው ደንብ የቅኔ ቤትን ሥርዐት አሳሰበኝ። በልጅነቱ በጎጃም ቅኔ ቤት የዋለ አጎቴ እንደሚያጫውተኝ፥ ተማሪ ቅኔውን ለብቻው ሲቈጥር ውሎ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል፤ መምህሩም ያርመዋል። ከጓደኛው የተዋሰውን ቢያቀርብ ለጊዜው ያማረ ይመስላል፤ ሰሙን ከወርቁ ለይተህ አስረዳ፥ አገባቡን ተናገር በተባለ ጊዜ ግን ይያዛል። መምህሩ ከአንድ ጀማሪ መልካም ቅኔ የሚፈልጉት ቅኔ ቸግሯቸው አይደለም፤ ነገ በእርሳቸው ወንበር የሚቀመጠውን ሰው እየሠሩ ነው። በፕሮግራም ሥራም ቀላሉን ሥራ ሁሉ ለመኪና ሰጥተን ጀማሪውን ካሰናበትነው፥ ከዐሥር ዓመት በኋላ መኪናውን የሚያርም ሊቅ ከየት ይመጣል? አገራችን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት የዓረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር የአምስት ሚሊዮን ኮደሮችን ሥልጠና ስትጀምር ታላቅ ተስፋ ጥላበታለች። ተስፋው የሚሠምረው ወጣቱ መሣሪያውን ማዘዝ ብቻ ሳይሆን መመርመርም የተማረ እንደ ሆነ ነው፤ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባላልና።

ወጣቱ ባልደረባዬ ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ወደ መዝገብ ቤታችን መጥቶ ከእኔ ጋር ዋለ። የመደርደሪያውን አቧራ እየጠረገ «ይቈይ» የተባሉትን ዶሴዎች አንድ በአንድ አነበበ፤ ደብዳቤ ለመጠየቅ ከመጡ እናቶችም ጋር ተነጋገረ። ወደ ቢሮው ተመልሶ ያንን ክፍል እንደ ገና ሲያሠራ የጻፈው ያው መሣሪያ ነበር፤ አሁን ግን የሚነግረውን ያውቃል። በአዲሱ አሠራር ዶሴ በራሱ አይዘጋም። ጊዜው ሲረዝም ሶፍትዌሩ ለሹሙ ያስታውሳል፤ የሚዘጋውም ሰው በስሙና በምክንያቱ ይዘጋል። ለምን እንዲህ እንደ ሆነ በጠየቅሁት ጊዜ ወጣቱ ወደ ማስታወሻው ሳያይ መለሰልኝ።

መምህራንና ተማሪዎች የየድርሻቸውን ያስቡበት ዘንድ ለእነርሱ እተወዋለሁ። በየመሥሪያ ቤቱ ሶፍትዌር ለምታሠሩ የሥራ ባልደረቦቼ ግን አንድ ነገር ላሳስብ። ሥራውን ስትረከቡ ገጹ ማማሩን፥ ጊዜው ማጠሩን፥ ዋጋው መቀነሱን ብቻ አትመልከቱ። በውስጡ ያለውን ቍጥርና ገደብ ሁሉ በዝርዝር አስጽፉ፤ በእያንዳንዱም አንጻር የወሰነው ሰው ስምና ምክንያቱ ይስፈር። ስም የሌለበት ቍጥር ከተገኘ፥ ስም እስኪገኝለት ድረስ ርክቡን አትፈርሙ።