ስለ ጨካኝ የጦር አለቃ

በአርሲ ምድር፣ ከዝዋይ ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፣ ኦጎልቾ የምትባል ከተማ አለች። በዙሪያዋ ያለው ገበሬ በሬውን ጠምዶ ሲያርስ ጅራፍ ከእጁ አይለይም። ነገር ግን ሁለት ዓይነት አራሽ አለ። አንደኛው ጅራፉን በአየር ላይ ያጮኻል፣ በሬውን በስሙ ይጠራዋል፣ ቀትር ሲሆንም ፈትቶ ውኃ ያጠጣዋል። ሁለተኛው ግን በየትልሙ ጀርባውን ይገርፈዋል። የሁለተኛው በሬ ለጥቂት ቀን ፈጥኖ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ቀንበሩን ባየ ጊዜ ይሸሻል፣ ወይም በትልም መካከል ይተኛል።

ስለ ጦር አለቃ የሚነሣውም ጥያቄ ይህን ይመስላል። ብዙ ሰዎች ጨካኝ መኮንን ጥሩ መሪ ነው ብለው ያምናሉ፤ ምክንያታቸውም የሚናቅ አይደለም። በሬ እንዲሞት አይታዘዝም፤ ወታደር ግን ሞት ወዳለበት ቦታ ሂድ ይባላል። ሰው በተፈጥሮው ሞትን የሚፈራ ስለ ሆነ፣ ከጠላት ይልቅ አለቃውን እንዲፈራ ካልተደረገ ወደ ፊት አይራመድም ይላሉ። ደግሞም በዘብ ላይ ያንቀላፋ አንድ ሰው መቶ ጓደኞቹን ሊያስገድል ይችላል። እንግዲህ ቅጣት የሌለበት ሠራዊት ሠራዊት እንዳልሆነ የታወቀ ነው።

ዳሩ ግን መጥበቅና መጨከን ሁለት ነገር ናቸው። በወንጌል የተጻፈው የቅፍርናሆም መቶ አለቃ ሂድ ያለው ሰው ይሄድለት ነበር፤ ና ያለውም ይመጣለት ነበር። ይህን ያህል የሚታዘዙለት አለቃ ስለ ታመመ አንድ አገልጋዩ ለመለመን አላፈረም። ከዚያ አስቀድሞም የሰሎሞን ልጅ ሮብዓም ሕዝቡ ቀንበሩን እንዲያቀልላቸው በለመኑት ጊዜ፣ የሽማግሌዎችን ምክር ትቶ የጎልማሶችን ሰማ፤ ከአባቱም አብልጦ እንደሚያስጨንቃቸው ተናገረ። ዐሥሩ ነገድ በዚያው ተለዩት።

በኢትዮጵያ ታሪክ ይህን ነገር ከአፄ ቴዎድሮስ ሕይወት አብልጦ የሚያሳይ የለም። ካሣ ኃይሉ ተብለው በቋራ በረሃ ሸፍተው በነበሩ ጊዜ ተከታዮቻቸው ጥቂት ነበሩ። ከእነርሱ ጋር ይበሉ፣ ከእነርሱም ጋር ያርሱ፣ ያገኙትንም ያካፍሏቸው ነበር ይባላል። በእነዚህ ሰዎች ኃይል መሳፍንቱን አንድ በአንድ አሸንፈው በየካቲት 1847 ዓ.ም. ነገሡ። ከነገሡም በኋላ ወታደሩ ገበሬውን እየዘረፈ እንዳይኖር ደመወዝ ሊቆርጡለት አሰቡ። ይህ በዚያ ዘመን እንግዳ አሳብ ነበር።

ነገር ግን ባለቤታቸው እቴጌ ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ሞቱ፤ ከዚያም ወዳጆቻቸው እንግሊዞቹ ፕላውደንና ቤል ተገደሉ፤ በየአገሩም ሽፍታ በዛ። የንጉሡም ጠባይ እየከፋ ሄደ። ዐመፀኛ የተባለውን እጁንና እግሩን ያስቆርጡ፣ መንደርም ያስቃጥሉ ጀመር፤ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ራሷን አቃጠሉ። ጭካኔ ሠራዊትን የሚያበረታ ቢሆን ኖሮ የአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት በዚህ ጊዜ የማይደፈር በሆነ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ወታደሩ በሌሊት ይከዳ ጀመር። የከዳው ተይዞ ሲቀጣ የቀረው ፈራ፤ የፈራውም በማግስቱ ሌሊት ከዳ። በብዙ አሥር ሺህ ይቆጠር የነበረው ሠራዊት በመጨረሻ ጥቂት ሺህ ብቻ ሆኖ ቀረ። በትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው፤ መምህሩ ሲወጣ ዱላ የሚያነሣ የክፍል አለቃ፣ ለጥቂት ጊዜ ጸጥታ ያገኛል፣ ከዚያ በኋላ ግን እውነቱን የሚነግረው ጓደኛ አያገኝም።

በ1860 ዓ.ም. ንጉሡ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲጓዙ የሚያስደንቅ ነገር ታየ። በጋፋት የሚኖሩ የሚሲዮን ሰዎች ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ ሠርተውላቸው ነበር፤ ክብደቱም 70 ኩንታል ያህል ነው። ይህን መድፍ በገደልና በወንዝ ለማሳለፍ መንገድ መጥረግ ያስፈልግ ስለ ነበር ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ንጉሡ ራሳቸው ወርደው ድንጋይ ይፈነቅሉ ነበር። ንጉሡ ድንጋይ ሲሸከሙ ያየ ወታደር ቆሞ ሊያይ አይችልም። መድፉ ከመቅደላ የደረሰው በዱላ ነው የሚል ይኖር ይሆናል፤ ዱላም በእርግጥ አልጠፋም። ሆኖም ያው ዱላ በየሌሊቱ ሰው ያስኮበልል ነበርና መድፉን ያደረሰው የንጉሡ እጅ ነው ማለት ይቀላል።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ ከእንግሊዝ ጦር ጋር በተደረገው ውጊያ 700 ያህል ኢትዮጵያውያን ወደቁ። ፊታውራሪ ገብርዬም እስከ መጨረሻ ታማኝ ሆነው ከወታደሮቻቸው ጋር ሞቱ። ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ የቀሩትን ሰዎቻቸውን ሂዱ ብለው አሰናበቱ፤ ብዙዎቹም ሄዱ። በዚያች ሰዓት ንጉሡ ማንንም ሊቀጡ አይችሉም ነበር። ስለዚህ ፍርሃት ያቆያቸው ሁሉ ሄዱ፤ አብረዋቸው የቀሩት ጥቂቶች ግን በፍርሃት የቀሩ አልነበሩም። ንጉሡም እጃቸውን ለጠላት ላለመስጠት በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ።

የአርሲ ምድርም የራሷ ምስክር አላት። በገዳ ሥርዓት የጦር መሪው አባ ዱላ ይባላል። ወታደሩን የሚያስርበት ወኅኒም፣ የሚከፍለው ደመወዝም አልነበረውም። እንዲህም ሆኖ የአርሲ ሰዎች በጦርና በጋሻ የአፄ ምኒልክን ጠመንጃ እስከ 1878 ዓ.ም. ድረስ ለብዙ ጊዜ ተቋቁመዋል። በመጨረሻም የተሸነፉት ድፍረት ጎድሏቸው ሳይሆን መሣሪያ አንሷቸው ነው።

ከዚህ በኋላ የኢትዮጵያ ወታደር ሩቅ አገር ሄዶ ታይቷል። የቃኘው ሻለቃ ጦር በ1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ኮሪያ ዘመተ። በዚያ ጦርነት ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ሞቱ፤ አንድም ሰው ግን አልተማረከም። የወደቀውን ጓደኛቸውን ጥለው አይመለሱም ነበርና። ቢቆስል እንደሚያነሡት፣ ቢሞትም ሬሳው በባዕድ ተራራ ላይ እንደማይቀር የሚያውቅ ሰው፣ ከኋላው ጅራፍ የያዘ አያስፈልገውም።

በ1966 ዓ.ም. ግን በነጌሌ ቦረና ሌላ ነገር ሆነ። የወታደሮቹ የውኃ ጉድጓድ መሣሪያ ተበላሸ፤ ምግባቸውም የማይበላ ነበር። መኮንኖቹ ለራሳቸው ጥሩ ጉድጓድ ነበራቸው፤ ወታደሮቹ ከእርሱ እንዲቀዱ ሲለምኑ ከለከሏቸው። ማንም አልተገረፈም፤ ማንም አልተረሸነም፤ በዚያ በረሃ ግን ውኃ መከልከል ከግርፋት ይብሳል። በጥር ወር ወታደሮቹ አለቆቻቸውን ያዙ። ንጉሠ ነገሥቱ ነገሩን እንዲመረምሩ የምድር ጦር አዛዡን ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ላኩ። ወታደሮቹም ጄኔራሉን ይዘው የእነርሱን ምግብ እንዲበሉ፣ የእነርሱንም ውኃ እንዲጠጡ አደረጓቸው። ጄኔራሉ ይህን ውኃ ከዚያ ቀን በፊት በፈቃዳቸው ጠጥተው ቢሆን ኖሮ ማንም ባልያዛቸው ነበር። ዐመፁ ወደ ሌሎች ጦር ሰፈሮች ተዛመተ፤ በአገሩም ውስጥ ሌላ ብዙ ምክንያት ተከማችቶ ነበርና መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዘውዱ ወደቀ።

ሥልጣን የያዙት መኮንኖች ወታደሩ ምን እንዳስቆጣው ከማንም ይልቅ ያውቁ ነበር። ሆኖም በየካቲት 1980 ዓ.ም. በኤርትራ ግንባር የናደው ዕዝ አዛዥ የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በፕሬዚዳንት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ትእዛዝ ተረሸኑ። የቀሩት መኮንኖች እንዲፈሩ ታስቦ ነበር፤ ፈሩም። የፈራ መኮንን ግን ጠላት መጣ ብሎ ለመናገር፣ ጦሩን ወደ ኋላ ልሳብ ብሎ ለመጠየቅ ይሰጋል። በአዛዡም ሞት ልቡ የተሰበረ ወታደር ለማን ብሎ እንደሚዋጋ አያውቅም። በሚቀጥለው ወር፣ በመጋቢት፣ አፋቤት ተያዘችና ያ ታላቅ ዕዝ ተበተነ። ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. ጄኔራሎቹ በፕሬዚዳንቱ ላይ ተነሡ፤ ሳይሳካላቸውም ቀርቶ ብዙዎቹ ሞቱ። ሠራዊቱም ልምድ ያላቸውን አዛዦቹን አጣ። ፕሬዚዳንቱ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. በአውሮፕላን ከአገር ወጡ፤ በየግንባሩ የነበረው ወታደርም በእግሩ እየተጓዘ፣ በየመንገዱ እንጀራ እየለመነ ወደ ቤቱ ተመለሰ።