ነቀምቴ እንግዳ ትቀበላለች፤ እኛስ እንሄዳለን?

ሰርግ ደግሳችሁ ታውቃላችሁ? ባታውቁም የድግስ ቤት ሲመረጥ አጠገብ ቆማችሁ ይሆናል። «እዚህ ይሻላል!» «የለም፣ እዚያ ይሻላል!» እየተባለ ዘመድ ከዘመድ የሚኳረፍበት ሰዓት ነው። ውድድር የሚካሄድበትን ከተማ መምረጥም እንደዚያው ነው። እንዲያውም ይብሳል! ሰርጉ በአንድ ቀን ያልፋል፤ ውድድሩ ግን ሳምንት ይቆያል። እንግዳው ደግሞ በልቶ የማይጠግብ ወጣት ነው።

እዚህ ጣጣ ውስጥ የከተተኝ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ኮሌጅ ስፖርት የሚያስተምር ጓደኛዬ ነው። የጥቂት ኮሌጆች መምህራን ተሰባስበው የተማሪዎች የትግል ውድድር ለማዘጋጀት አስበዋል። ለምርጫ የቀረቡት ሁለት ከተሞች ናቸው፤ አዳማና ነቀምቴ። አዳማን የማያውቅ የለም። «ነቀምቴን አይታችሁ ኑ» ተብለው ጓደኛዬና አንድ ባልደረባው ሲላኩ እኔም «ለጽሑፍ ይሆነኛል» ብዬ ተለጠፍኩባቸው።

«ኳስ እያለ ትግል ምን ያደርጋል?» የምትሉ አትጠፉም። ትግል እኮ የኛው ነው! ከተማ እየቀያየረ በሚካሄደው አገር አቀፍ የባህል ስፖርቶች ውድድር ላይ ከገና፣ ከገበጣና ከፈረስ ጉግስ ጋር ትግልም አለ። በኦሮምኛ ወልአንሶ ይሉታል። ከብት እየጠበቀ ያደገ የወለጋ ልጅ ካገኛችሁ ጠይቁት፤ ሳር ላይ ማንን እንደጣለ በደንብ ይነግራችኋል። ማን እንደጣለው ግን አያስታውስም!

መንገድ

ጎህ ሳይቀድ ተነሳን። ሆለታን አልፈን አምቦ ላይ ቁርስ በላን። ጉደር፣ ባኮ፣ ሲሬ… እያልን 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን ነቀምቴ ስንገባ ፀሐይዋ አዘንብላ ነበር። በ2017 ዓ.ም. በከተማዋ የጉዲና ቱምሳ አውሮፕላን ማረፊያ ተመርቋል። ቢሆንም የኮሌጅ ተማሪ ኪስ ሰማይ ላይ አያወጣም። ስለዚህ የመዘንነው የአውቶቡሱን መንገድ ነው።

የነቀምቴ ትልቁ ሀብት ምን መሰላችሁ? መስቀለኛ መንገድ ላይ መቀመጧ! በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ በደቡብ በበደሌ አድርጎ ጅማ፣ በሰሜን ዓባይን ተሻግሮ ቡሬ፣ በምዕራብ ዴዴሳን አልፎ ጊምቢ፣ ከዚያም ደምቢዶሎና አሶሳ። ካርታ ላይ ስታዩት ከአራቱም ማዕዘን እንግዳ ለመጥራት ታስቦ የተቆረቆረች ይመስላል።

ገና ከአውቶቡስ ስንወርድ የማረፊያችን ባለቤት «ባጋ ነጋን ዱፍተን!» እያሉ ተቀበሉን። በሰላም መጣችሁ ማለታቸው ነው። ቡናው ቀረበ። በዓለም ገበያ «ለቀምት» የሚባለውን ቡና ባለቤቱ አገር ላይ ስትጠጡት ከተማ ቤት የሚቀዳላችሁን ትታዘባላችሁ። በማግሥቱ የኩምሳ ሞሮዳን ቤተ መንግሥትና የወለጋን ሙዚየም አየን። የኦሮምኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ ያዘጋጀው አናሲሞስ ነሲብ በ1923 ዓ.ም. ያረፈው በዚህችው ከተማ ነው። እንግዳ ተማሪ ከውድድር ውጭ የሚያየው አያጣም ማለት ነው።

አልጋ፣ ውሃና ምንጣፍ

የጓደኛዬ ባልደረባ ጥርጣሬ የማያልቅበት ሰው ነው። ደብተሩን ይዞ በየደረሰበት ይጽፋል። «ስንት አልጋ? ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አለ? ሐኪም ቤቱ ስንት ደቂቃ ያስኬዳል?» መጀመሪያ ሳቅንበት። በኋላ ግን እውነቱን እንደሆነ ገባኝ። ትግል ላይ ትከሻ ይወልቃል፣ አንገት ይጠመዘዛል። ሐኪም የሌለበት ውድድር ድግስ ሳይሆን ለቅሶ ነው።

ለኳስ ቢሆን ወለጋ ስታዲየም አለ። ትግል ግን ሌላ ነገር ይፈልጋል። በዓለም አቀፍ ደንብ ምንጣፉ በየጎኑ 12 ሜትር ሲሆን ታጋዮቹ የሚገናኙበት ክብ ስፋቱ 9 ሜትር ነው። ጣሪያ ያለው አዳራሽ ያስፈልጋል፤ ወለጋ ዝናብ ሲጥል ቀልድ አያውቅማ! በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ነቀምቴ ላይ ብቻ ሳይሆን ጊምቢና ሻምቡም ግቢ አለው። ስለዚህ ጓደኛዬ «አንድ ዓመት እዚህ፣ አንድ ዓመት ጊምቢ፣ አንድ ዓመት ሻምቡ ቢዞርስ?» እያለ ማለም ጀመረ። ባልደረባው «መጀመሪያ ምንጣፍ ይኑርህ» አለው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንየው። አገራችን ለእንግዳ አዲስ አይደለችም። የአፍሪካ ዋንጫን በ1954፣ በ1960 እና በ1968 ዓ.ም. አዘጋጅታለች። በ1968ቱ ከአዲስ አበባ ሌላ ድሬዳዋም ደጋሽ ነበረች። በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉ ክለቦች በየሜዳቸው መጫወታቸው ቀርቶ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ በተራ አስተናገዱ። ነቀምቴ ከመካከላቸው አልነበረችም።

መሥፈርት ያላሟላ ደግሞ ምን እንደሚደርስበት በ2014 ዓ.ም. አይተናል። በአገር ውስጥ የካፍን መመዘኛ የሚያሟላ ሜዳ ጠፍቶ ብሔራዊ ቡድናችን ግብጽን 2 ለ 0 ያሸነፈው ማላዊ ውስጥ ነው! ድሉ የኛ፣ ሜዳው የሰው፣ ጭብጨባው የሰው። በገዛ ሰርጋችሁ ጎረቤት ቤት እንደመጨፈር ቁጠሩት።

አሜሪካኖች በበኩላቸው ለኮሌጅ ትግል ሻምፒዮናቸው ከተሞችን ያወዳድራሉ። «እኛ ጋ ይሁን» የሚል ከተማ አዳራሹንና ሆቴሉን ቆጥሮ ያመለክታል። እ.ኤ.አ. በ2023 ተልሳ፣ በ2024 ካንሳስ ሲቲ፣ በ2025 ፊላደልፊያ ተካሂዷል። ልብ በሉ፣ የግድ ኒው ዮርክ አላሉም።

ደብተሩ ላይ ያልተጻፈው

እስካሁን ያወራነው የሚቆጠረውን ነው። የማይቆጠረውስ? እውነቱን እናውራ ካልን ሦስታችንም ከአዲስ አበባ ስንነሳ ቤተሰብ «ወለጋ? አብዳችኋል?» ብሎናል። የአካባቢው ሰው ለዓመታት በግጭት መካከል ኖሯል። በ2012 ዓ.ም. በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር። በዚያው ዓመት ከደምቢዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲጓዙ የታገቱት ተማሪዎች ነገርም ከወላጅ ልብ አልወጣም። እንዴትስ ይወጣል? ስለዚህ «ልጄን አልልክም» የሚል ወላጅ ሲገጥማችሁ ፈሪ ነው ብላችሁ አትሳቁበት።

በሦስተኛው ቀን ከጓደኛዬ ተማሪዎች የአንዱ እናት ምሳ ጠሩን። ልጃቸው ጎበዝ ታጋይ ነው። ጩምቦ በቅቤና በእርጎ ቀረበልን። እኚህ እናት ጉልቻቸው ላይ ሆነው ልጃቸው ያመጣውን ሜዳልያ ከሳጥን አውጥተው፣ በነጠላቸው ጠርገው አሳዩን።

«እማማ፣ ሲታገል አይተውት ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«የት አይቼው ልጄ? ሁልጊዜ ሩቅ ነው። አሸነፍኩ ብሎ ይደውላል፣ እኔም እልል እላለሁ። አንዴ ትከሻው ሲወልቅ ግን ያወቅኩት በወሩ ነው።»

ቤቱ ዝም አለ። ባለ ደብተሩ ባልደረባ ደብተሩን ዘጋ። እኔም ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። ውድድር የት ይሁን ብለን ስንመርጥ የምንመርጠው አዳራሽ ብቻ አይደለም። የማን እናት እንደምታይ፣ የማን እናት ደግሞ በስልክ ብቻ እንደምትሰማ ነው የምንመርጠው።

ውጤቱ

አዲስ አበባ ተመልሰን ሪፖርቱ ቀረበ። ሰባት ሰዎች ድምፅ ሰጡ። አዳማ 4፣ ነቀምቴ 3። ለነቀምቴ ከቆሙት ሦስቱ አንዱ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያ ጥርጣሬ የማያልቅበት ሰውዬ! ስብሰባውን የመሩት ትልቅ ሰው «አዳራሹን አምኜበታለሁ፤ ወላጅ ግን አይፈቅድም» አሉ። ጓደኛዬ ተናደደ። እኔ ግን ሁለቱንም ልፈርድባቸው አልቻልኩም።

ታዲያ እናንተም ነገ የኮሌጅ ውድድር፣ የጓደኛ ሽርሽር፣ የማኅበር ጉዞ የት ይሁን የምትባሉበት ቀን ይመጣልና ይችን ያዙልኝ፦

አንደኛ፣ ያላያችሁትን ከተማ በወሬ አትጣሉት፤ ሄዳችሁ እዩት። ሁለተኛ፣ መንገዱን በዚያው ሳምንት ከሚመላለስ ሾፌርና ከአገሬው ሰው ጠይቁ፤ የዓመት ወሬ የዛሬን መንገድ አይነግርም። ካላማራችሁ ደግሞ ሳታፍሩ ቅሩ። ሦስተኛ፣ ከአዳራሹ በፊት ውሃውንና ሐኪም ቤቱን ቁጠሩ። አራተኛ፣ አንድ ከተማ ዘንድሮ ካልሆነላት ምን ቢጎድላት እንደሆነ ንገሯት። «አትችይም» ብቻ የተባለች ከተማ በሚቀጥለው ዓመትም ምንጣፍ አትገዛም።

ደግሞ ሳልነግራችሁ… መምህራኑ ለእኚያ እናት የመሳፈሪያ ገንዘብ አዋጡላቸው። አዳማ ድረስ መጥተው ልጃቸውን እንዲያዩ። ጓደኛዬ ደውሎ ሲነግራቸው አጠገቡ ነበርኩ። በደስታ ያለቅሳሉ ብዬ ስጠብቅ መጀመሪያ የጠየቁት ምን ቢሆን ጥሩ ነው?

«መንገዱ ሰላም ነው ልጆቼ?»

እኛ የሳቸውን አገር የጠየቅነውን፣ እሳቸውም የኛን ጠየቁ። ቸር እንሰንብት!