በኮንጋ ሌሊት የደከመ ባትሪ

ሰው ለመንገዱ የሚያስፈልገውን ዅሉ አሰናድቶ ሳለ፥ አንዲት ትንሽ ነገር ትጐድልበትና ድካሙ ከንቱ ሊኾንበት ይችላል። ይኸንንም በራሴ የደረሰውን ለአንባቢዎቼ ላጫውት።

ታኅሣሥ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በጌዴኦ ምድር፥ በይርጋ ጨፌ አቅራቢያ ባለችው በኮንጋ ዐደርሁ። ጀሚኒድ የሚባለው የተወርዋሪ ከዋክብት ዝናም በየዓመቱ በዚሁ ሰሞን ይታያል፤ ምንጩም በ1976 ዓ.ም. የተገኘው፥ ፋኤቶን የተባለው ዐለታም አካል በመንገዱ የተወው ትቢያ ነው። ጨረቃ ገና ጨቅላ ስለ ነበረች ፈጥና ጠልቃ ሰማዩን ለከዋክብት ለቀቀችላቸው።

የሄድሁት ግን ለራሴ ብቻ አልነበረም። በልጅነቴ በደጃችን ቆመው ከዋክብትን እየጠቆሙ ያስተማሩኝ አባቴ ከአልጋ መነሣት ተስኗቸው ነበርና፥ «ሰማዩን ይዘህልኝ ና» ብለውኝ ነበር።

ካሜራዬን ከቡና ማድረቂያው አልጋ አጠገብ ተከልሁ። ቡናው ጤዛ እንዳይነካው ተሸፍኖ፥ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይጠብቁት ነበር። ኦርዮን ወደ አናታችን ሲቃረብ፥ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ግድም፥ ካሜራው ድርግም አለ። ከቦርሳዬ ያወጣሁት ሁለተኛው ባትሪም ብዙ ሳይቈይ ደከመ።

ባትሪ ኀይል የሚሰጠው በውስጡ በሚደረገው የኬሚካል ሥራ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ይህ ሥራ ይዘገያል፥ ኀይሉም እንዳይወጣ የሚከለክለው እንቅፋት ይበረታል። ስለዚህ ኀይል በውስጡ ቀርቶ ሳለ ያለቀ ይመስላል። የኮንጋ ብርድ ውሃ የሚያረጋ አይደለም፤ ነገር ግን ባትሪዎቼ አርጅተው ነበር፤ ለእያንዳንዱ ሥዕል ካሜራውን 20 ሰከንድ ያህል ከፍቼ ማቈየቴም አድክሟቸዋል። ያረጀ ነገር ጥቂት ብርድ ይበቃዋል።

ሽማግሌው ንዴቴን አይተው፥ «ልጄ፥ በብብትህ ያዘው፤ እኔም የእጅ መብራቴ ሲደክም እንዲህ አደርጋለሁ» አሉኝ። እንደ ቃላቸው አደረግሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ሥራ ፈትቼ ተቀመጥሁ፤ በዚያም ምሽት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ። አሥራ ሰባት ኮከብ ሲወረወር ቈጠርሁ፤ ሽማግሌው ግን ሃያ አንድ ነው ብለው ተከራከሩኝ።

ባትሪው ሞቆ ስድስት ሥዕል አነሣልኝ። ኦርዮን አምሮ ወጣ፤ ተወርዋሪ ግን በአንዱም አልተያዘም።

ሥዕሉን ለአባቴ ባሳየኋቸው ጊዜ ረዥም ጊዜ ተመለከቱትና፥ «የተወረወሩትስ?» አሉኝ። እኔም አንድ በአንድ፥ ከወዴት ወጥቶ ወዴት እንደ ጠፋ፥ የሽማግሌውንም ክርክር ጨምሬ ነገርኋቸው። ዐይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ፤ በፈገግታም፥ «እኔ ዘበኛውን አምናለሁ» አሉ።

በሌሊት ለእንዲህ ያለ ሥራ የምትወጡ ኹሉ፥ ትርፍ ባትሪያችሁን በቦርሳ አትተዉት፤ ከገላችሁ አስጠግታችሁ ያዙት። እስኪሞቅም ድረስ ዐይናችሁ ሥራ አይፍታ፤ በቤት ተኝቶ የሚጠብቃችሁ ሰው የምታዩትን ዅሉ ይጠይቃችኋልና።