የድምፅ ልክ

ሙዚቀኞች ሲገናኙ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚያነሡት ጨዋታ ስለ መሣሪያቸው ነው። ከኤሌክትሪክ መምጣት ወዲህ ግን ከጅማቱና ከቅኝቱ ይልቅ የሚያከራክራቸው ድምፅ ማጉያው፥ እነርሱ አምፕሊፋየር የሚሉት ሣጥን ሆኗል። «የአንተው ስንት ዋት ነው?» ብሎ መጠየቅ በመካከላቸው የታወቀ ልማድ ነው። ይህ ጥያቄ ከንቱ ነው አልልም፤ ነገር ግን ከእርሱ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ መኖሩን በምዕራብ ጎንደር ቆላ ከሙዚቀኞች አጠገብ ተቀምጬ ስለ ተረዳሁት፥ ያንኑ ለአንባቢ ለማካፈል እወዳለሁ።

መተማ በብዙዎቻችን አእምሮ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ የወደቁባት ቦታ ናት። ለአገሩ ሰው ግን ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ የገበያ ከተማ ናት። ከማዶ ጋላባት፥ ከወዲህ መተማ ዮሐንስ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው አንድ ወንዝና አንድ ድልድይ ብቻ ነው። የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ከደጋ የሚወርደው የጉልበት ሠራተኛ መንገዱን ይሞላዋል፤ ገንዘብ በእጅ ሲገባም ዘፈን ይፈለጋል። የአማርኛውና የሱዳኑ ዘፈን በአብዛኛው በአምስት ድምፅ ቅኝት የሚሄዱ ስለ ሆኑ፥ ጆሮ ወሰኑን በቀላሉ ይሻገራል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1994 መሐመድ ዋርዲ አዲስ አበባ መጥቶ ሲዘፍን ሕዝባችን እንደ አገሩ ሰው የተቀበለው ስለዚህ ነው።

በእነዚህ ከተሞች ሠርግ በሆነ ጊዜ ግን ብዙውን ጊዜ የሚሰማው አንድ ኪቦርድና አንድ ድምፃዊ ነው። ሕዝቡ በኢጣልያው ፋብሪካ ስም «ሞንታርቦ» ብሎ የሚጠራቸው ትልልቅ ሣጥኖች ከድንኳኑ ግራና ቀኝ ይቆማሉ። ኪቦርዱ የከበሮውንም የቤዝ ጊታሩንም ሥራ ጠቅልሎ ይዞታል። ክራር መቺ ቢጠራ እንኳ አንድ ማይክ ከፊቱ ይቆምለታል፤ ጣቶቹ ሲንቀሳቀሱ ይታያሉ፥ ድምፁ ግን በጩኸቱ ውስጥ ይሰጥማል። ከዚህ የተነሣ «ክራር ለሠርግ አይሆንም» የሚል ወጣት በዝቷል። ክራሩ አንድ ቀን እንኳ በሚገባው ልክ ተሰምቶ ያውቅ እንደ ሆነ ግን የሚጠይቅ አላገኘሁም።

በ2012 ዓ.ም. በጥር ወር፥ ቀድሞ ሸኸዲ በምትባለው በገንዳ ውሃ ከተማ፥ አምስት ሙዚቀኞች ድምፅ ማጉያዎቻቸውን በአንድ ግቢ አሰባስበው ሊያስተያዩ በተቀጣጠሩ ጊዜ እኔም ከተመልካቾቹ አንዱ ነበርሁ። በኒም ዛፍ ጥላ ሥር አራት ሣጥኖች ተደረደሩ። አንደኛው ለልምምድ የሚሆን 15 ዋት ያለው ትንሽ የጊታር ማጉያ ነው። ሁለተኛው የአገር አናጢ በሳንቃ የሠራው፥ የመኪና ስፒከር የተገጠመለት፥ በባትሪ የሚሠራ ነው። ሦስተኛው አንድ ወጣት ባለ ጊታር ከጎንደር ያወረደው 100 ዋት ሲሆን፥ አራተኛው ደግሞ አንድ ሱዳናዊ ባለ ቤዝ ጊታር ከገዳሪፍ በጭነት መኪና ያመጣው፥ ሁለት ሰው የሚሸከመው ከባድ ሣጥን ነበር።

ወጣቱ ባለ ጊታር መጀመሪያ የራሱን እስከ መጨረሻው ከፈተው። ዶሮዎቹ ከግቢው ሸሹ፤ እኛም ሳቅን። በዚህ ጊዜ በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጡት ክራር መቺ አንድ ሐሳብ አቀረቡ። ከመካከላችን ማሲንቆ የያዘ አዝማሪ ነበርና፥ እርሱ ያለ ማይክና ያለ ኤሌክትሪክ በመካከል ተቀምጦ ይጫወት፤ እያንዳንዱም ሣጥን የማሲንቆው ድምፅ እስከሚሰማ ድረስ ብቻ ይከፈት፥ ከዚያ አይለፍ፤ ማወዳደሩ ከዚያ በኋላ ይሁን አሉ።

«ጋሼ፥ እንዲህ ከሆነ ትልቁን ሣጥን ማምጣት ምን ይጠቅማል?» አለ ወጣቱ።

«ትልቁ ሰው ቀስ ብሎ መናገር አይችልም ያለህ ማን ነው?» አሉት።

በዚህ ሕግ አንዱን የትዝታ ዜማ በአራቱም ሣጥኖች ተራ በተራ ተጫወቱ። ውጤቱ ካሰብነው የተለየ ሆነ። ለክራሩ ከሁሉ የተስማማው ትንሹ 15 ዋት ነበር፤ የጣት መነካካቱ ሳይቀር ጥርት ብሎ ተሰማ። የአናጢው ሣጥን ለቀጭኑ ድምፅ ደክሞ ሳለ ለድምፃዊው ግን ሞቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። የወጣቱ 100 ዋት በዝግታ ሲጫወቱበት፥ ጩኸቱ ሸፍኖት የነበረው ጣዕሙ ወጣ። ያ ከባድ ሣጥን ደግሞ በጣም በጥቂቱ ተከፍቶ ሳለ የቤዙ ድምፅ በመሬቱ በኩል ወደ እግራችን ደረሰ፤ ማሲንቆውን ግን አልሸፈነውም። ሱዳናዊው ወደ ሽማግሌው ዞሮ «ያ ዐም፥ ይኼ ነው ትክክሉ» አለ በወሰን አማርኛው።

የዚህ ምክንያቱ ከጆሯችን ተፈጥሮ የመጣ ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ጅማት በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ የጊታሩ ወፍራም ጅማት 82 ጊዜ ያህል ነው። ጆሮ ደግሞ እጅግ ወፍራም የሆነውን ድምፅ እንደ መካከለኛው አጥርቶ ስለማይሰማ፥ ቤዝ ጊታር ብዙ ኀይልና ሰፊ ስፒከር ይፈልጋል። ስለዚህ ለቤዝ ትልቅ ሣጥን መያዝ ትዕቢት አይደለም። በሌላ በኩል ብዙዎች 100 ዋት ከ50 ዋት እጥፍ የሚጮኽ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን በመካከላቸው ያለው ልዩነት 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፥ ይህም ጥቂት ከፍ ማለት ነው። አንድ ድምፅ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ኀይሉ ወደ 10 እጥፍ መጠጋት አለበት። እንግዲህ በዋት ቍጥር የሚፎካከር ሙዚቀኛ ብዙ ገንዘብ ከፍሎ የሚያገኘው ጥቂት መሆኑን ልብ ይሏል።

ይህ ፉክክር በእኛ አልተጀመረም። በአሜሪካ ሊዮ ፌንደር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1951 ኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታርን ለገበያ ካወጣ በኋላ፥ በ1952 ለእርሱ የሚሆን ባስማን የተባለ ማጉያ ሠራ። በለንደን የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ የነበረው ጂም ማርሻል ደግሞ የደንበኞቹን አስተያየት ሰምቶ፥ ባስማንን መነሻ በማድረግ በ1962 የራሱን ማጉያ አወጣ። ይህ ሙዚቀኞች እርስ በርስ በማስተያየታቸው የተገኘ ደግ ፍሬ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን አዳራሹም ጩኸቱም እየሰፋ ሄዶ፥ በ1969 የአምፔግ ፋብሪካ 300 ዋት ያለው የቤዝ ማጉያ አወጣ። በአገራችን በአይቤክስና ኋላም በሮሃ ባንድ ውስጥ ሰላም ሥዩም በጊታር፥ ጆቫኒ ሪኮ በቤዝ ሲጫወቱ የሰማ ሰው ግን አንዱ ለሌላው ቦታ መልቀቁን ያስተውላል። ቤዙ አጭር ሐረግ እየደጋገመ መሬቱን ይይዛል፤ ጊታሩ በመካከል ገብቶ ይወጣል፤ ዘፋኙም ከሁለቱ በላይ ይሰማል። ከማዶም ቢሆን የፖርት ሱዳን የቤጃ ተወላጅ ኖሪ ከአባቱ ያገኘውን ጠምቡር፥ የክራራችንን ዘመድ፥ ከተጣለ የጊታር አንገት ጋር አዋሕዶ በኤሌክትሪክ እንዲሰማ አድርጎታል፤ ባንዱም በ2022 ሙዚቃውን በሸክላ አውጥቷል። ኤሌክትሪክ የጥንቱን መሣሪያ ያጠፋል የሚለው ፍርሃት እንግዲህ ሁልጊዜ እውነት አይደለም። የሚያጠፋው ልክ ማጣት ነው።

ባለ ቤዙ በዚያ ጥር ወደ ገዳሪፍ ሲመለስ፥ ሣጥኑ ከባድ ስለ ሆነበት ለሚመጣው ዓመት ሠርግ እስኪመለስ በሽማግሌው ቤት አደራ አስቀመጠው። ከዚያ ወዲህ በወረርሽኙና በጸጥታ ምክንያት የወሰኑ በር ደጋግሞ ተዘጋ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ተነሣ፤ በመተማ በኩልም ብዙ ሺህ ሰው ተሰዶ ገባ። ባለ ሣጥኑ ከመጡት መካከል አልነበረም። በኋላ ሽማግሌውን ስጠይቃቸው፥ ሣጥኑን ምስጥ እንዳይደርስበት በጡብ ላይ አስቀምጠው፥ በነጠላ ሸፍነውት አየሁ። ለኪራይ የሚጠይቃቸው አላጡም፤ እርሳቸው ግን አላከራዩትም። ሆኖም ዘግተው አላስቀመጡትም። ቤዝ ጊታር የሚማሩ ሁለት ልጆች በየሳምንቱ እየመጡ በነጻ ይለማመዱበታል፤ ነገር ግን ባለቤቱ በነጭ ቀለም ምልክት ካደረገበት ወዲያ ድምፁን ከፍ ማድረግ ክልክል ነው።

«ሥራ የፈታ ዕቃ በክረምቱ እርጥበት ይበላሻል» አሉኝ። «ሰውዬው ሲመጣ የሚሠራ ዕቃ ማግኘት አለበት። የሚሰማውም ሰው ማግኘት አለበት።»

ይህን ከሰማሁ በኋላ ድምፅ ማጉያን ስመለከት የምጠይቀው ጥያቄ ተለውጧል፤ ከስንት ዋቱ በፊት፥ እርሱ ሲከፈት ማን ዝም እንደሚል እጠይቃለሁ። ጥያቄው ሙዚቀኞችን ብቻ የሚመለከት አይመስለኝም። በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን የሚኒ ሚድያ ክበባት ድምፅ ማጉያ አላቸው፤ ከማለዳው ሰልፍና ከማስታወቂያ በኋላ ግን ብዙውን ጊዜ ተቈልፎበት ይውላል። መምህራን በሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቍልፉን አውጥተው ክራርና ማሲንቆ ለሚሞክሩት ልጆች ቢሰጡ፥ ከሣጥኑም አጠገብ አንዱን ልጅ ያለ ማይክ እንዲጫወት ቢያስቀምጡ፥ ወጪው ጥቂት የመብራት ዋጋ ብቻ ነው። ልጆቹም መክፈቻውን የት ላይ ማቆም እንደሚገባ ከጓደኛቸው ድምፅ ይማራሉ።